ሀምበከር ፒክአፕ ለመቀየር ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረው የጊታር ክፍል) ለመቀየር ያሰባችሁ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ሀምበከር ማለት ጩኸት እንዲቀንስ ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ነው። ስትጠይቁ የጊታሩን ዓይነት፣ የምትጫወቱትን፣ የፖቱን (ቮልዩም የሚያስተካክለውን ሬዚስተር) መጠን (250 ነው 500 ኪሎ ኦም?) እና ፒክአፑ ባለበት ቦታ ላይ ከቀጭኑ ኢ ክር መሀል እስከ ወፍራሙ ኢ ክር መሀል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጻፉ። እሱ ከሌለ የምሰጣችሁ ግምት ነው።

ባለ ኤፒፎኑ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ሌስ ፖል ነው ያለኝ፣ ፖቱ 500፣ ርቀቱ 50 ሚሜ። የብሪጁ ፒክአፕ (ከአንገቱ ርቆ ያለው) ደከመብኝ። አሁን ያለው 8 ኪሎ ኦም ያነባል፤ 16 የሚያነብ አግኝቻለሁ። እጥፍ ጉልበት አለው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኦም የሚነግርህ ሽቦው ምን ያህል ረጅምና ቀጭን እንደሆነ ብቻ ነው። በ42 ቁጥር ሽቦ ተጠቅልሎ 8 የሚያነብ ፒክአፕ፣ ዙሩ ሳይጨመር ሳይቀነስ ይበልጥ ቀጭን በሆነው በ44 ቁጥር ቢጠቀለል ከ12 በላይ ያነባል፤ ጉልበቱ ግን ያው ነው። ሙቀት እንኳ ንባቡን ይቀይረዋል፦ የመዳብ ሽቦ በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አዲስ አበባ 8.0 ያለው ድሬዳዋ በቀትር 8.3 ሊልህ ይችላል። ጉልበት የሚመጣው ከዙሩ ብዛት፣ ከማግኔቱ ጥንካሬና ፒክአፑ ለክሩ ካለው ቅርበት ነው። ዙር ሲበዛ ደግሞ መካከለኛው ድምፅ ይወፍራል፣ ቀጭኑ ይታፈናል። ባለ 16ቱ ዲስቶርሽን ላይ ቶሎ ይሞላልሃል፤ ክሊን ስትጫወት ግን ክሮቹ እርስ በርስ ይዋጣሉ።

ከመግዛትህ በፊት ከፍታውን አስተካክል። ሁለቱን የጠርዝ ክሮች በየተራ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫንና ከፖሉ (ፒክአፑ ላይ ከክሩ ሥር ካለው ብረት) አናት እስከ ክሩ ሥር ለካ። ለብሪጅ ከ1.5 እስከ 2 ሚሜ፣ ለኔክ (በአንገቱ በኩል ላለው) 2.5 ሚሜ አካባቢ ጀምር። ከፍ ዝቅ የምታደርገው በፍሬሙ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ቪቴዎች ነው፤ ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞርክ አዳምጥ። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይጎትትና ወፍራሙ ክር ላይ፣ በተለይ ከፍ ባሉት ፍሬቶች ላይ፣ ድምፁ ይዋልላል፤ ቱኒንጉ የተበላሸ ይመስልሃል። ደከመ የሚባል ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የተተወ ነው።

ጀማሪ፦ የትኛው ሀምበከር ነው አሪፍ?

መልስ፦ ለምን ጊታር? ለምን ዓይነት ሙዚቃ? ከላይ የጠየቅሁትን ጻፍና ተመለስ።

ባለ ስኳየሯ፦ ስትራት ነው፣ ብሪጁ ጋ አንድ ሀምበከር፣ ሌሎቹ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል)። ለክቼዋለሁ፣ 52 ሚሜ ነው። ቮልዩሙ 250 ኪሎ ኦም። ድምፁ የታፈነ ነው።

መልስ፦ ለክተሽ ስለመጣሽ አመሰግናለሁ። ላንቺ ሰፊው ዓይነት ነው የሚሆነው፤ ከፒክአፕ አምራቾች ዲማርዚዮ ኤፍ ስፔስ ይለዋል፣ ሲሞር ዳንከን ትሬምበከር ይለዋል። መደበኛው 49 ሚሜ ገደማ ስለሆነ የጠርዝ ክሮችሽ ከፖሉ ወጣ ብለው ይቀመጣሉ። ድምፁ ላይ ያለው ልዩነት ለዓይን የሚታየውን ያህል አይደለም፤ ግን አዲስ ከገዛሽ አይቀር ልኩን ግዢ።

መታፈኑ ግን ከፖቱ ሊሆን ይችላል። 250 ለሲንግል ኮይል ነው፤ ሀምበከር ላይ ሲገባ ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ቮልዩሙን ወደ 500 ቀይሪና አዳምጪ፤ የሲንግል ኮይሎቹ ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይበዛል፣ ቶኑን ዝቅ ስታደርጊ ይስተካከላል። ስትገዢ የፖቱን አንገት እዪ፦ ሲቲኤስ የሚባለው ፖት 9.5 ሚሜ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የእስያ ጊታሮች ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ነው። ከመበየድሽ በፊት ፖቱን በቴስተር ለኪ፤ 500 የተጻፈበት 410 የሚያነብ አለ።

ክራር ወዳዱ፦ ይቅርታ፣ ግን ትዝታና ባቲ ለሚጫወት ሰው ሀምበከር ለምን? ክራር ክራር የሚለው ጥርት ያለ ድምፅ ሲንግል ኮይል ላይ ነው ያለው።

ባለ ቴሌው፦ እስማማለሁ። ሀምበከር ላይ አንቺሆዬ ስትጫወት ጌጡ ሁሉ ይጨፈለቃል።

ከዲሲ፦ አይ፣ አልስማማም። ኔክ ሀምበከር ላይ ቮልዩሙን 7 ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ደግሞ ክለብ ውስጥ የኒዮን መብራትና ዲመር ባለበት የሲንግል ኮይል ጩኸት ማን ይችለዋል?

ክራር ወዳዱ፦ ጩኸቱን ፔዳል ይቀንሰዋል፣ የጠፋ ጥራት ግን አይመለስም።

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃን። ሁለቱንም የሚፈልግ ባለ 4 ሽቦ ሀምበከር ገዝቶ ፑሽ ፑል ፖት (ሲሳብ እንደ ስዊች ሆኖ ጥቅሎቹን የሚነጥል) ያስገባ። ሲነጠል አንዱ ጥቅል ብቻ ስለሚሠራ የ50 ኸርዙ (የኤሌክትሪክ መስመሩ) ጩኸት ይመለሳል። ሁለቱን ጥቅሎች ፓራለል ብታገናኙ ግን ድምፁ ይጠራል፣ ጩኸቱም አይመለስም። 8 የሚያነበው ሲነጠል 4፣ ፓራለል ላይ 2 ገደማ ማንበብ አለበት። ካላነበበ የተሳሳተ ሽቦ ይዛችኋል።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ሲሞር ዳንከን ገዝቼ ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ሥዕል በየድኩት። ድምፁ ቀጭንና ደካማ ሆነ። ቴስተር 4.1 ይላል። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ፒክአፑ ደህና ነው። ያየኸው ሥዕል የዲማርዚዮ ነው። በዲማርዚዮ ቀይ ወደ ስዊች ይሄዳል፣ ጥቁርና ነጭ ይጣመራሉ፣ አረንጓዴና ባዶው ሽቦ ግራውንድ ነው። በዳንከን ደግሞ ጥቁር ወደ ስዊች፣ ቀይና ነጭ ይጣመራሉ፣ አረንጓዴና ባዶው ግራውንድ። ዳንከን ላይ ጥቁርና ነጭ የአንዱ ጥቅል ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ስታጣምራቸው ያ ጥቅል ሾርት ሆኖ ከሥራ ወጣ። ቀሪው ብቻ ነው የሚሰማህ፣ ለዚህ ነው ግማሹን ያነበበው። ጥቁሩን ከነጩ ፍታ፣ ቀዩን ከነጩ ጋር አጣምረህ በቴፕ ሸፍን፣ ጥቁሩን ቀዩ የነበረበት በይድ። 8 ገደማ ሲያነብ ጨርሰሃል።

ለሁላችሁም፦ የራሱን የአምራቹን የቀለም ሰንጠረዥ ሳታዩ አትበይዱ። ቀለሞቹ አንድ ናቸው፣ ትርጉማቸው ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ባለ ኤፒፎኑ፦ ከፍታውን አስተካክዬ ድምፁ ተመለሰ። ግን ስዊቹ መሀል ላይ ሲሆን ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ይመስላል።

መልስ፦ የሁለቱ ፒክአፖች ፌዝ (የሲግናላቸው አቅጣጫ) ተቃርኗል። የስዊቹን ጫፍ ብሪጅ ላይ አድርግ፣ ቮልዩሙን ሙሉ ክፈት፣ ገመዱን ጃኩ ላይ ሰክተህ ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ ከገመዱ ጫፍ ጋር አገናኝ። የካቻቪቴ ብረት ፖሎቹ ላይ አስነካና በፍጥነት አንሳ። ቁጥሩ ለቅጽበት ወጣ ወይስ ወረደ? ኔኩንም እንደዚያው ሞክር። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከወረደ ተቃርነዋል። ባለ 4 ሽቦ ከሆነ ወደ ስዊች የሚሄደውንና አረንጓዴውን አቀያይር፤ ባዶው ሽቦ ግን ግራውንድ ላይ ይቅር። በብረት ጥልፍ የተሸፈነ ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ግን አታቀያይር፤ ሽፋኑና ክዳኑ ሲግናል ተሸካሚ ይሆኑና ስትነካው ይጮሃል። ያኔ የታችኞቹን አራት ቪቴዎች አላላ፣ ማግኔቱን ወደ ጎን ግፋና አውጣ፣ በርዝመቱ ዘንግ ላይ ገልብጠህ መልስ።

ከዲሲ፦ ፒኤኤፍ ስለሚባለው የድሮ የጊብሰን ሀምበከርስ? ሁሉም ኩባንያ እውነተኛው የኔ ነው ይላል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሴዝ ላቨር ጊብሰን ውስጥ ሆኖ ሀምበከሩን ሠራ፤ የፓተንት ማመልከቻው እ.ኤ.አ. በ1955 ገባ፣ ፓተንቱ የተሰጠው በ1959 ነው። ከ1957 ጀምሮ ፒክአፑ ሥር ይለጠፍ የነበረው «ፓተንት ተጠይቋል» (በእንግሊዝኛ ሲያጥር ፒኤኤፍ) የሚለው ጽሑፍ ነው ስሙን ያወጣለት። በየጥቅሉ 5000 ዙር ገደማ ቢሆንም ቁጥሩ እኩል አልነበረም፤ አንዱ ከ7 ኪሎ ኦም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌላው 9 ይጠጋል። ማግኔቱም ከአልኒኮ 2 እስከ 5 የተገኘው ነበር። ስለዚህ አንድ ወጥ የፒኤኤፍ ድምፅ የለም። አልኒኮ 2 ባሱ ለስለስ፣ ቀጭኑ ክብ ይላል፤ 5 ባሱን ያጠብቃል፣ ምቱን ያጎላል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ የድሮዎቹ ሰም አልተነከሩም፣ ብዙዎቹ ኮፒዎችም እንደዚያው። ዲስቶርሽን ከፍ አድርጋችሁ አምፕ አጠገብ ከቆማችሁ ያፏጫሉ። በሰም የተነከረ ግዙ።

ከዱባይ፦ ኢኤምጂ 81 (በባትሪ የሚሠራው ፒክአፕ) አሁን ባለው 500 ፖት ይሠራል?

መልስ፦ ድምፅ ይወጣል፣ ቮልዩሙ ግን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚሆነው። 25 ኪሎ ኦም ፖት፣ 9 ቮልት ባትሪና ስቴሪዮ ጃክ ያስፈልጋል። የተቀረው መመሪያው ላይ አለ።

ባለ ቴሌው፦ ፒክአፑን ራሴ ሰም ብነክረውስ?

መልስ፦ ፓራፊን 80 በመቶ፣ የንብ ሰም 20 በመቶ። ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠው እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይደለም፣ ሰም በእሳት ይያያዛል። በቴርሞሜትር 65 ዲግሪ ላይ ያዘው፤ ከዚያ በላይ የቦቢኑ ፕላስቲክ ይጣመማል። አረፋ መውጣቱ እስኪቆም ጠብቅ።

ሌላ ጀማሪ፦ 14 ኪሎ ኦሙ ከ8ቱ ይበልጣል አይደል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ባለ ስኳየሯ፦ 500 ፖት አገኘሁ። ጀርባው ላይ ግራውንዱን ልበይድ ብል ሊዱ እንደ ኳስ ሆኖ ይወድቃል።

መልስ፦ ብረቱ አልሞቀም። የፖቱን ጀርባ በአሸዋ ወረቀት ፈቅፍቂው፣ ከ40 ዋት በላይ የሆነ ሰፊ ጫፍ ያለው ሶልደሪንግ አይረን ተጠቀሚ። መጀመሪያ ብረቱ ላይ ብቻ ትንሽ ሊድ አቅልጪ፣ ሲዘረጋ ሽቦውን አስገቢ። ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዢው፣ ውስጡ ያለው የካርቦን መንገድ ይቃጠላል። ካልያዘልሽ ይቀዝቅዝና እንደገና ሞክሪ። ለቧንቧ የሚሠራውን አሲድ ፍላክስ አታስጠጊው፤ ከወራት በኋላ ሽቦውን ይበላዋል።