ለከተማችን ቴአትር ቤት ገንዘብ ከየት እንጀምር? ላላችሁት

ጥያቄያችሁን ደጋግሜ አነበብኩት። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ሊሰጣችሁ ቃል ገብቷል፣ ኮሚቴ አቋቁማችኋል፣ አሁን የተከራከራችሁት ባለሀብቶችን በአንድ ትልቅ የራት ምሽት ትጠሩ ወይስ ከሕዝቡ ጥቂት ጥቂት ታሰባስቡ በሚለው ነው። ሌላ አገር ከዋና ከተማ ውጭ ቴአትር ቤት የሠሩ ሰዎች ገንዘቡን ከየት እንዳመጡም ጠይቃችኋል። ጉዳዩ የልቤ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ የአንድ አማተር የቴአትር ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፤ ለአዳራሽ ማሠሪያ ስናሰባስብ ደረሰኙን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ዛሬ የምኖረው አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ነው፤ እዚህ በጉትሪ ቴአትር በፈቃደኝነት ተመልካች አስተናግዳለሁ።

የጉትሪ ቴአትርን አመጣጥ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ወደ ካናዳ መሄድ ያስፈልጋል። ኦንታሪዮ ውስጥ ስትራትፎርድ የምትባል ከተማ አለች። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሕዝቧ 20 ሺህ አይሞላም፤ እንጀራዋም የባቡር ጥገና ፋብሪካው ነበር። የእንፋሎት ባቡር ዘመን ሊያበቃ ሲል የከተማዋ ሰው ምን ይዋጠን አለ። እዚያው ተወልዶ ያደገ ቶም ፓተርሰን የሚባል ጋዜጠኛ ታዲያ «ከተማችን የሼክስፒርን የትውልድ ከተማ ስም ይዛለች፣ ወንዟም ኤቨን ነው፤ ለምን የሼክስፒር ፌስቲቫል አንጀምርም?» የሚል ሐሳብ አመጣ። በቴአትር ሙያ ውስጥ አልሠራም። በ1952 የከተማው ምክር ቤት ኒው ዮርክ ሄዶ ታዋቂውን እንግሊዛዊ ተዋናይ ሎሬንስ ኦሊቪየርን እንዲያነጋግር 125 ዶላር ሰጠው። ኦሊቪየር አልተሳካም። ፓተርሰን ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ታይሮን ጉትሪ የተባለውን ታላቅ አዘጋጅ (የሚኒያፖሊሱ ቴአትር በኋላ በስሙ የተጠራለትን) በስልክ አግኝቶ እንዲመጣ አደረገው።

ጉትሪ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው መድረክ ነው፤ ተመልካች በሦስት ወገን የሚከበው መድረክ። ሕንፃው ይቆይ ተባለና ከኮንክሪት መቀመጫ ተሠርቶ በላዩ ትልቅ ድንኳን እንዲጣል ተወሰነ። ያም ሆኖ በ1953 ጸደይ ገንዘቡ አለቀ። ሥራው ይቁም የሚል ውይይት በነበረበት ሰዓት ተቋራጩ ኦሊቨር ጋፍኒ ሳይከፈለው መገንባቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ነው ፐርዝ ሚዩችዋል የሚባለው የኢንሹራንስ ኩባንያና የካናዳው ገዥ ጄኔራል ቪንሰንት ማሴ በሰጡት ገንዘብ ነገሩ ከመፍረስ የዳነው። ሐምሌ 13 ቀን 1953 ተዋናዩ ዓሌክ ጊነስ በሼክስፒር «ሪቻርድ ሦስተኛ» መድረኩን ከፈተው። ድንኳኑ ለአራት የትርኢት ወቅቶች አገለገለ፤ ቋሚው ሕንፃ የተከፈተው በ1957 ነው። ይኸውም ተመልካቹ በየዓመቱ እየተመላለሰ መምጣቱን ካረጋገጠ በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የገንዘቡን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የምክር ቤቱ 125 ዶላር፣ ቀጥሎ የአንድ ተቋራጭ ዱቤ፣ የትልቅ ሰው ስጦታ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ገዥ ጄኔራሉ ገንዘብ ሲሰጡ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ኮንክሪቱ ፈሷል፣ ተዋናዮቹም ተዋውለዋል። ትልቅ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው እናንተ ቀድማችሁ ወደማትመለሱበት ስትገቡ ሲያይ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ብትጠሩት ንግግር ያደርግላችኋል እንጂ ብር አያመጣላችሁም።

የስትራትፎርድ ወሬ እንግሊዝ አገር ደረሰ። በ1959 መጀመሪያ ላይ ሌስሊ ኤቨርሼድ ማርቲን የሚባል የቺቸስተር ከተማ የመነጽር ሐኪም ጉትሪ ስለ ካናዳው ቴአትር ሲናገር በቴሌቪዥን ተመለከተ፤ የእኛስ ከተማ ምን ይጎድላታል ብሎ ተነሣ። ቀደም ሲል ከንቲባ ሆኖ ስለነበር ሰው ያውቀዋል፣ ያምነዋልም። ምክር ቤቱ ኦክላንድስ ፓርክ ውስጥ ቦታ ሰጠ፤ 105 ሺህ ፓውንድ ገደማ የፈጀው ሕንፃ ከመንግሥት ካዝና ሳይሆን ከሕዝብ መዋጮ ተሠርቶ በሐምሌ 1962 ተከፈተ። የመጀመሪያው የጥበብ ዳይሬክተሩ ያው ኦሊቪየር ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሰውየው ሀብታም አልነበረም፤ ተሰሚነት ግን ነበረው። ኮሚቴያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ፣ በገንዘብ ጉዳይ ስሙ በክፉ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ከሌለ ከሁሉ በፊት እሱን ፈልጉ።

የሚኒያፖሊሱ ታሪክ ከሁለቱም ይለያል፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ትልቁ ትምህርትም እሱ ላይ ያለ ይመስለኛል። በዚያው በ1959 ጉትሪና ሁለት የቴአትር ባልደረቦቹ፣ ኦሊቨር ሬያ እና ፒተር ዛይስለር፣ ከኒው ዮርክ ውጭ ቋሚ ቴአትር የሚያቋቁሙበት ከተማ እንደሚፈልጉ በኒው ዮርክ ታይምስ አስነገሩ። ሰባት ከተሞች መልስ ሰጡ። ሚኒያፖሊስ ስትመረጥ የዎከር ፋውንዴሽን የሚባል የከተማዋ በጎ አድራጎት ድርጅት ቦታውንና ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ የቀረው እየተዞረ ተለመነ፤ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ማንኬቶ ከምትባል ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች 6 ዶላር ከ37 ሳንቲም ማዋጣታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላው ሥራ ነው። ሕንፃው ገና ሳያልቅ በፈቃደኝነት የተደራጁ ሴቶች በየከተማው ዞረው የዓመቱን ትርኢቶች በሙሉ የሚያሳይ ትኬት ሸጡ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ተሸጠ። ፎርድ ፋውንዴሽንም ለግንቡ ሳይሆን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ ኪሳራ መሸፈኛ የሚሆን ገንዘብ መደበ። በመሆኑም ግንቦት 7 ቀን 1963 በ«ሐምሌት» በሩ ሲከፈት ሕንፃውም፣ ተመልካቹም፣ የተዋናዩም ደመወዝ ተሟልተው ነበር።

አገር ቤት ያለችው የእኛ ከተማ ያጣችው ይህንን ነው። እኛም የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት አዘጋጅተን ነበር። ሥዕል ለጨረታ ቀረበ፣ ንግግር ተደረገ፣ ቃል በተገባ ቁጥር ጭብጨባው ደመቀ። በማግሥቱ እየዞርኩ ስጠይቅ ቃል ከተገባው ግማሹ እንኳ ወደ ባንክ አልገባም። ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቆረጥ የፈረሙት መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ግን እስከ መጨረሻው ከፈሉ። ድራማ ባሳየን ቁጥር «ከዚህ ትኬት ላይ እኩሌታው ለአዳራሹ ነው» ብለን ስናስነግር የገበያ እናቶች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። እድሮቹም በስብሰባቸው ላይ እንድንናገር ፈቀዱልን፤ ከዚያ ያገኘነው ገንዘብ ከጨረታው ይበልጣል። በኋላ ጉዳዩን አንድ መሥሪያ ቤት ተረከበውና አዳራሹ ተሠራ። ነገር ግን መድረኩ ለክብር እንግዶች ጠረጴዛ ተብሎ የተሠራ፣ ከበስተጀርባው መልበሻ ክፍል የሌለው፣ ለመብራት አንድም መስመር ያልተዘረጋለት ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ነው የሚካሄድበት። ክበቡ ለማሳየት ሲፈልግ ደብዳቤ ጽፎ ይጠብቃል። ገንዘቡን ያዋጣው ሕዝብ ይህን አልነበረም የፈለገው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የራት ምሽቱን አትተዉት፣ ግን ከመጨረሻው ምዕራፍ አድርጉት። በ2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ላይ የአንድ ሰው ቦታ 5 ሚሊዮን ብር እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ጠሪው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበሩ። የእናንተ ክበብ እንዲህ ዓይነት የመጥራት አቅም የለውም፤ ያለው በየሳምንቱ የሚያየው ተመልካች ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቀበሌ አዳራሽም ሆነ በትምህርት ቤት ግቢ በቋሚ ቀን አሳዩ፤ የስድስት ወር ትኬት አስቀድማችሁ ሽጡ። የግንባታውና የትርኢቱ ሒሳብ በሁለት የባንክ ደብተር ይያዝ፣ የገባውና የወጣው በየወሩ በር ላይ ይለጠፍ። ሲሚንቶና ብረት በየጊዜው በሚወደድበት አገር ብሩን ባንክ አስቀምጦ ሙሉውን መጠበቅ ኪሳራ ነው። ስትራትፎርዶች እንዳደረጉት መድረኩንና መቀመጫውን መጀመሪያ አውጡት፤ ጣሪያው ለጊዜው ሸራም ቆርቆሮም ይሁን፤ ያማረው የፊት ገጽታ በኋላ ይደርሳል። የመብራትና የድምፅ ወጪ፣ የጥበቃና የጽዳት ደመወዝ ከመጀመሪያው ዕለት በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ውጭ ያለን የከተማው ልጆችም «ለአዳራሹ» ተብሎ በጥቅሉ ከምንጠየቅ ለአንድ ረድፍ መቀመጫ ወይም ለመልበሻ ክፍሉ ብትሉን ቶሎ እንሰጣለን፤ ያዋጣነው ነገር ቆሞ ይታየናልና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ቃል የገባው ቦታ ካርታው በማን ስም ነው የሚወጣው? በክበቡ ወይም በሕጋዊ ማኅበር ስም ካልሆነ፣ ወይም ቦታው ለቴአትር አገልግሎት ብቻ እንደሚውል በጽሑፍ ካልተረጋገጠ፣ ከማንም አንድ ብር አትቀበሉ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ካላችሁ ላኩልኝ፤ በእኛ ጊዜ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቀው የሕግ ባለሙያ እንዲያየው እሰጠዋለሁ።