የግሩፕ ቻት ጥያቄና መልስ፦ የቁማር ሱስ ችሎት በአሜሪካዋ ኔቫዳ

መላሽ፦ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ግሪን ካርድ ያላችሁ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ «ጥፋተኛ ነኝ» እንዳትሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ችሎቱ ከእስር ማምለጫ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በቁማር ሱስ የተነሳ የሰረቀ ወይም ያጭበረበረ ሰው ከመታሰር ይልቅ ይታከማል፤ በየጊዜው ዳኛ ፊት ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ችሎት ኒውዮርክ፣ አምኸርስት ከተማ ላይ ዳኛ ማርክ ፋረል በ2001 ጀመሩት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኔቫዳ ሕጉን በ2009 ብታወጣም ላስ ቬጋስ ችሎቱን ያየችው በ2018 ነው። የካሲኖ ከተማ አይደለች፣ ምን ያስቸኩላታል!

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ ከ1 እስከ 3 ዓመት።

ጥያቄ፦ መተዉን በምን ያውቃሉ?

መልስ፦ ቁማር በሽንት ምርመራ አይታይም። ስለዚህ የባንክ ስቴትመንት ያያሉ። ደሞዝ በገባ ማግስት 300 ዶላር ከኤቲኤም ወጥቶ የት እንደገባ ካልታወቀ፣ ጥያቄ ይመጣል።

አንድ አባል፦ ዕቁባችንን በልቶ የጠፋ ሰው ይታከምልን? ይታሰር እንጂ!

ሌላ አባል፦ ታስሮ በምኑ ይከፍልሃል?

አንደኛው፦ አንተ ዕቁብ አልተበላህም።

መልስ፦ ዕቁባችሁን ውጭ ተነጋገሩ። የተጎዳውን መካስ የፕሮግራሙ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ችግር ላይ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ችግር? ተከሷል? የት ስቴት? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙን ስጨርስ ጥፋተኝነቱ ይነሳል አሉ። ግሪን ካርዴን አይነካውም ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ምን አልኩ? ኔቫዳ ታነሳልሃለች፤ ኢሚግሬሽን ግን የራሱ መለኪያ አለው። በ1996ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ጥፋተኛ ነኝ ካልክና ዳኛው ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለብህ፣ በኋላ ቢነሳም እንደተፈረደብህ ይቆጠራል። ያጭበረበርከው ከ10,000 ዶላር ካለፈ ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወንጀል ጠበቃህ ይህን አደጋ እንዲነግርህ ግዴታ ጥሎበታል። ካልነገረህ አፍጥጠህ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባስ? ሰፈሩ ሁሉ ቤቲንግ ሆኗል።

መልስ፦ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ገና ገባሁ። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው...

መልስ፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።