ውጭ ያሉ ሐኪሞቻችንን ምን ብለን እንጠይቅ?

ሰሞኑን አንዲት የፓቶሎጂ (ናሙና መርምሮ በሽታን የሚለይ የሕክምና ዘርፍ) ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለች ሐኪም፣ «ዶክተር፣ አሜሪካ ካሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር እንዴት ልገናኝ?» ብላ ጻፈችልኝ። በሁለት መስመር የሚመለስ ነው፤ ማኅበራቱ አሉ፣ በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና መልሱ ረዘመ። ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል።

ያኔ ክፍለ ሀገር፣ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ነበርኩ። ፓቶሎጂስት እኔ ብቻ። ከታማሚው የተወሰደው ናሙና እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ፣ ፓራፊን የሚባል ሰም ውስጥ ገብቶ፣ በስሱ ተቆርጦና ተቀልሞ፣ ስላይድ በምንላት ስስ መስታወት ላይ ሆኖ ማይክሮስኮፕ ሥር ይመጣል፤ ካንሰር ነው ወይም አይደለም የሚለው ቃል የሚወጣው ከዚያ ነው። ሲከብደኝ «እስቲ አንተም እየው» የምለው ሰው አልነበረም። ሌሊት ተነስቼ ስለ አንድ ስላይድ የማስብበት ጊዜ ነበር።

አሜሪካ የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ለእረፍት መጥቶ ሊጠይቀኝ ብቅ አለ። ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ሰነበተ። ጠዋት ያስቸገሩኝን ስላይዶች አብረን እናያለን፣ ከሰዓት ተማሪዎቹን ያስተምራል። እናቱ «ልጄን ወሰድክብኝ» ብለው ተቀይመውኝ ነበር፤ በኋላ ዶሮ ይዤ ሄጄ ታረቅን። የላብራቶሪ ቴክኒሻናችንን አጠገቡ አስቀምጦ ቀለሙ ለምን እንደሚበላሽብን አብረው ፈለጉ፤ ለካ ችግሩ የምናጥብበት ውሃ ኖሯል።

ሲሄድ «የከበደህን ላክልኝ» አለኝ። መላክ ማለት በመንገደኛ ነው፤ ስላይዱ በጥጥ ተጠቅልሎ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ሻንጣ ይገባል። መልሱን ኢንተርኔት ካፌ ሄጄ አነባለሁ። የበሽታውን ስም ብቻ ጽፎ አይተወኝም፣ ምን አይቶ ምን እንደጠረጠረ፣ ምኑን ለምን እንደጣለ ይተርክልኛል። እኔ የተማርኩት ከዚያ ትረካ ነው።

ከዚያ ኃላፊ ተቀየረ። አዲሱ «ስምምነት ሳይኖር ናሙና ከአገር አይወጣም» አለ። እውነቱን ነው፣ የታማሚ ነገር በሻንጣ መሄድ አልነበረበትም። እሺ እንፈራረም አልን። ጓደኛዬ ከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ አስፈርሞ ላከ፤ ወረቀቱ እኛ ጋ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመና የት እንደገባ ጠፋ። ደጋግሞ ጠየቀ፣ በመጨረሻ ደከመው። አልፈርድበትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የቴክኒሻኑ ነገር ነው። በስምምነቱ ውስጥ እሱን ወስዶ የማሠልጠን ሐሳብ ነበረበት። እንደሱ እጁ የተባረከ ሰው አላየሁም። ጡረታ የወጣው በዚያችው አሮጌ መሣሪያ እየቆረጠ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን የተሳካ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሲጀምር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየተራ ለአንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ጀመር። ቀድሞ ለስፔሻሊቲ ውጭ ከተላከው ብዙው እዚያው ይቀር ነበር፤ አሁን ሬዚደንቱ እዚሁ፣ የራሱን ታማሚ በራሱ ቋንቋ እያከመ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሲጀመር ደግሞ ከቶሮንቶና ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ፒፕል ቱ ፒፕልም ነበረበት፤ ይህ አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ማኅበር ነው። የእኔና የጓደኛዬ ነገር የሁለት ሰው ወዳጅነት ነበር። የእነሱ ግን በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገብቷል፣ ኃላፊ ቢቀየርም ፕሮግራሙ አለ።

እናንተ ግን «ሰላም ዶክተር፣ እንዴት ነዎት?» ብላችሁ በቴሌግራም ትልኩና ዝም። ጥያቄው የታለ? ሰውየው ተረኛ ነው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣል። «እንዲህ ያለ ኬዝ ገጥሞናል፣ ይህን አስበናል፣ እዚህ ጋ ግራ ገብቶናል» በሉት፤ ማታውኑ ይመልስላችኋል። ሰዓት ስትቀጥሩም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። «ሦስት ሰዓት» ተባብለው አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት የገቡ ፕሮፌሰሮች አውቃለሁ። ደግሞ ገና ሳትተዋወቁ መሣሪያ አትለምኑ፤ የሚሠራበት ኬሚካል (ሪኤጀንቱ) ሲያልቅ ጥግ ይቆማል።

ግንኙነቱን ለቪዛ ብቻ የምትፈልጉም አላችሁ። ቅር ይለኛል። ደመወዛችሁን ሳስብ ደግሞ ለመውቀስ አፌን አልሞላም። ጓደኛዬስ ሄዶ ባይቀር ማን ያስተምረኝ ነበር?

ዛሬ ስላይዱን በስልክ አንስቶ መላክ ይቻላል፤ የታማሚው ስምና የካርድ ቁጥር እንዳይታይ ብቻ፣ ደግሞ አስፈቅዳችሁ። ብቻችሁን አትጻፉ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲቀጥል ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጻፉ። ኃላፊያችሁንም ከመጀመሪያው ኢሜይል ጀምሮ አስገቡት። የስምምነቱ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» እንዳይል።