አነጋገሬን ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ትወና እማራለሁ። አዲስ አበባ ለድራማ ስፈተን «አነጋገርሽ የጎጃም ነው፣ አስተካክዪ» ተባልኩ። እርስዎ እንዴት ተወጡት?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔንም ብለውኛል። «ሸጋ» ባልኩ ቁጥር የሚስቁብኝ ነበሩ። ሦስት ወር ሙሉ እንደ ዜና አንባቢ ለመናገር ታገልኩ። የመጀመሪያ ቴአትሬ ላይ አነጋገሬን ስጠብቅ ቃለ ተውኔቱ ጠፋኝ! ድርቅ ብዬ ቀረሁ። አብራኝ የምትጫወተው የእኔንም የራሷንም ተናግራ አወጣችኝ፤ ውለታዋ ዛሬም አለብኝ።

ድምፅ ያስተማረኝ ጣና ነው። አጎቴ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ያመጣ ነበር። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሲደርስ ታንኳዋን ዳር ላይ አቁመን እናደርቃታለን። ገና ከሩቅ ሳየው እጣራለሁ። ነፋስ ሲነሳ በጉሮሮ ብትጮኺ አይሰማም፤ ከሆድሽ ስበሽ፣ ቃሉን ረገጥ አድርገሽ ነው እንጂ። በኋላ መምህሬ ስለ አተነፋፈስ ሲያስረዳን ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ ስትመለሺ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ግቢና ኋላ ረድፍ ተቀምጠሽ ስሚ፤ ማን ከጉሮሮ፣ ማን ከሆድ እንደሚናገር ትለያለሽ።

የአዲስ አበባውንም ልመጂ። የመርካቶ ነጋዴ ሆነሽ ስትጫወቺ እንደ እሷ መናገር ግድ ነው፤ ሲያልቅ እንደ ልብስ ታወልቂዋለሽ። የራስሽን ግን አትጣዪው። እኔ ሳጠና መጀመሪያ በእናቴ አነጋገር ነው የምለው፤ ሐሳቡ ቶሎ ይገባኛል። በቅርቡ አንድ አዘጋጅ ከበር ሆኖ ሰማኝና «አትቀይረው፣ እንደዚሁ በለው» አለኝ።