ሰላሳ ትንንሽ ኮርስ ልሥራ ወይስ አንድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ቤቴ ሁለት ማሽን አስገብቼ እየሰፋሁ ነው። «ልብስ ስፌት ከሀ እስከ ፐ» የሚል ኮርስ በስልኬ ቀርጬ በዝግ የቴሌግራም ቻናል መሸጥ ጀመርኩ። የገዙኝ ግን የማውቃቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ዲጂታል ማርኬቲንግ የተማረው የአክስቴ ልጅ «ሎንግ ቴይል የሚባል ነገር አለ፤ ሰላሳ ትንንሽ ኮርስ ሥሪ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲሸጥ ይጠራቀማል» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። የአክስትሽ ልጅ ግማሹን ልክ ነው። ግማሹ ግን በከንቱ ያደክምሻል።

የሎንግ ቴይልን (ትርጉሙ «ረጅም ጅራት» ነው) ሐሳብ ያስተዋወቀው ዋየርድ የተባለው የቴክኖሎጂ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ክሪስ አንደርሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ደሴ ፒያሳ ያለ መጽሐፍ ሻጭ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ የሚሸጠውን ብቻ ነው የሚደረድረው። በኢንተርኔት የሚሸጠው አማዞን ግን የመደርደሪያ ጥበት የለበትም፤ በዓመት አንዴ የሚጠየቀውንም መጽሐፍ ለሽያጭ ያቀርባል። በግራፍ ሲሣል በብዛት የሚሸጡት ጥቂቶች ከፍ ብለው ይታያሉ፣ ከነሱ ቀጥሎ ጥቂት ጥቂት የሚሸጡት እየቀጠኑ እንደ ጅራት ይረዝማሉ። ጅራቱ ሲደመር ትልቅ ገበያ ይሆናል ነው ነገሩ።

የሚደምረው ግን ማነው? ባለ መደርደሪያው ነዋ! ጅራቱ ላይ ያለ አንድ ደራሲ በወር ሁለት ኮፒ ሸጦ ምን ያገኛል? የሃርቫርዷ አኒታ ኤልበርስማ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢንተርኔትም ቢሆን ሽያጩ የሚከማቸው ጥቂት ገናና ሥራዎች ላይ ነው ብላ ሞግታለች። አንቺ ሰላሳ ኮርስ ብትሠሪ ሰላሳ ጊዜ ትቀርጫለሽ፣ ሰላሳ ጊዜ ታስተዋውቂያለሽ፣ የሰላሳውንም ጥያቄ ስትመልሺ ትውያለሽ። ስፌቱን ማን ይሠራልሻል?

ላንቺ የሚጠቅምሽ የፍለጋው ጅራት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን ጥቂት ሰው ብቻ የሚጽፈው ዝርዝር ጥያቄ። ጎግል በየቀኑ ከሚደርሱት ፍለጋዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ ናቸው ይላል። ሰው ችግሩን በራሱ አፍ ስለሚጽፍ ነው። «የልብስ ስፌት ትምህርት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ገና እያሰበ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ስንቱ ማሠልጠኛ ይጋፋል። «የኦቨርሎክ ማሽን የታችኛው ሉፐር ክር ለምን ይበጠሳል» ብሎ የጻፈው ግን ሥራው ቆሞበታል፣ ደንበኛው የሠርግ ልብሱን ለነገ ይፈልጋል። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ኦቨርሎክ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋው ማሽን ነው፤ ሉፐር ደግሞ ከመርፌው ክር ጋር የሚቆላለፈውን ክር የሚይዘው ክፍሉ ነው።) መልሱን አንቺ ፋብሪካ እያለሽ ስንቴ አይተሽዋል፦ ብዙ ጊዜ መርፌው ቀድሞ ክር ገብቶለት ሉፐሩ ኋላ ሲገባ ክሩ ይጠላለፍና ይበጠሳል። ይህን በሦስት ደቂቃ አሳዪና በነፃ ዩቲዩብ ላይ ልቀቂው። ዝግ ቻናል ውስጥ ያለ ቪዲዮ እኮ ጎግል ላይ አይወጣም፤ የማያውቅሽ ሰው በየት በኩል ያግኝሽ?

ርእሱን ሰው እንደሚናገረው አድርገሽ ጻፊው። ሌሎች ሰፊዎች «እስኪ ይቺን ነገር ንገሪኝ» እያሉ የሚልኩልሽን የድምፅ መልእክት ደግመሽ ስሚ፣ ርእስሽ እዚያ ውስጥ አለ። ዩቲዩብ ላይ «ኦቨርሎክ» ብለሽ ስትጀምሪ ከሥር የሚዘረዝርልሽንም እዪ። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል ስለሚጽፍ መግለጫው ላይ በሁለቱም አስገቢው። (የሰ እና የሠ ክርክር ለአማርኛ ፈተና ይቆይ፤ ስልክ ላይ ሁሉም በመጣለት ነው የሚጽፈው።)

የሚሸጠው ግን አንድ ኮርስ ይሁን፣ ለምሳሌ ቤታቸው ለሚሰፉ ሰዎች የኦቨርሎክ አያያዝና ቀላል ጥገና። ነፃዎቹ ቪዲዮዎች ሁሉ መጨረሻቸው ላይ ወደዚያ ይምሩ። ክፍያውን በቴሌብር ተቀበዪ፣ ብዙ አታወሳስቢው።

አጥብበሽ አጥብበሽ ደግሞ ፈላጊ የሌለበት እንዳትደርሺ። ከመቅረጽሽ በፊት ወደ ደሴ ወጣ በዪና ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን «ማሽናችሁ ምን ያስቸግራችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ኮርስ ልትሸጪላቸው እንደሆነ አትንገሪያቸው፣ ይሉኝታ ይይዛቸውና ጥሩ ነው ጥሩ ነው ይሉሻል። ሦስት አራቱ ያንኑ ችግር ካነሱ ጀምሪ። ሁሉም የሚያማርሩት ስለ ዚፕ ከሆነ ኦቨርሎኩን ተይውና ዚፑን ያዢ።

የድሮውን ኮርስ አታጥፊው። አንድ አንድ ጥያቄ የሚመልሱትን ክፍሎች ቁረጪና ለነፃዎቹ ቪዲዮዎች ተጠቀሚባቸው፤ የገዙሽ ሰዎች ግን ሙሉውን እንደያዙ ይቆዩ።