ኤሌክትሪካልን ትተሽ ሕክምና ልትገቢ? ቆይ እስቲ

ከሳቢያን ሰፈር የጻፈችልኝ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ፣ ሦስተኛ ዓመት። አባቷን ድንገት ማዞር ያዛቸውና ሐረር ወሰዷቸው። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ብቻ አየ። «የጭንቅላታቸውን ሥራ እዚህ ላይ ነው የማየው» አላት። አሁን አቋርጣ ሕክምና መጀመር አምሯታል።

እህቴ፣ አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ትምህርቱን ግን አሁን እንዳታቋርጪ። ሐኪሙ ዓይን ላይ ያየው ያንቺም ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ። ጣትሽን ፊትሽ ላይ አቁመሽ ጭንቅላትሽን ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ አዙሪ። ጣትሽ ጥርት ብሎ ይታይሻል። አሁን ጭንቅላትሽን አቁመሽ ጣትሽን በዚያው ፍጥነት አወዛውዢ። ይደበዝዛል። ለምን? በመጀመሪያው፣ የውስጥ ጆሮ የጭንቅላትሽን መዞር ለአንጎል ግንድ (አንጎልን ከአከርካሪ ጋር ለሚያገናኘው ክፍል) ይነግረዋል፤ ዓይንሽ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በሁለተኛው፣ አንጎል መጀመሪያ ማየት አለበት። ያ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በኮንትሮል (የቁጥጥር ሥርዓት) ትምህርት ዲሌይ፣ ማለትም መዘግየት፣ የምትሉት ራሱ ነው!

ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። እያንዳንዱን ዓይን 6 ጡንቻዎች ይጎትቱታል። ዓይን ወደ ጎን ዞሮ እዚያው እንዲቆይ ትእዛዙ መቀጠል አለበት። አንጎል በእጁ ያለው ግን የፍጥነት ምልክት ነው። ከፍጥነት ቦታን ማግኘት ምን እንደሚባል ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ኢንቴግራል ነው፤ ፍጥነቱን በጊዜ ውስጥ እየደመሩ መሄድ። የአንጎል ግንድና ሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ተጋግዘው ይሠሩታል። በዚህ መንገድ እንድናስብ ካደረጉን ዋነኛው ዴቪድ ሮቢንሰን ነው፤ የተማረውም ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዓይን ላይ በሚያርፍ የሽቦ ጥቅልና በማግኔቲክ ፊልድ የዓይንን እንቅስቃሴ የሚለካ ዘዴ አሳተመ። የፋራዳይን ሕግ (የሚለዋወጥ ማግኔቲክ ፊልድ ሽቦ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል የሚለውን) ነው የተጠቀመው፤ አንቺ የተፈተንሽበትን።

ስለዚህ ኮንትሮልና ሲግናል ፕሮሰሲንግን (ከምልክት ውስጥ መረጃ ማውጣትን) ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልመጂ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን የዓይን ብሌንን በካሜራ መከታተል ላይ አድርጊው። ሐረር ያለው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ ቅርብሽ ነው፤ ሄደሽ የሚያማክርሽ ሐኪም ፈልጊ። ከተመረቅሽ በኋላ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ (ለሕክምና የሚሠራ ኢንጂነሪንግ) አለ።

አንድ ነገር ብቻ ራስሽን በደንብ ጠይቂ። የሚስብሽ ሥርዓቱን መረዳት ነው ወይስ አልጋ አጠገብ ቆመሽ ማከም? ማከም ከሆነ ኢንጂነር ያንን አይሠራም፤ ያኔ ስለ ሕክምና እናወራለን። አባትሽን ለቀጠሮ ስትወስጂ ሐኪሙ ዓይናቸው ላይ ምን እንደፈለገ ጠይቂውና መልሱን ጻፊልኝ።