ከንቲባው ማሉ ወይስ አስማሉ?

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂያችን ዜና የሚጽፉ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ናቸው። «እንግሊዝኛው ‹ስዌር ኢን› የሚለውን በአማርኛ ምን እንበለው?» ይላሉ። «‹የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ለአዲሱ ከንቲባ ቃለ መሐላ ፈጸሙ› ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ደግሞ ‹የማሉት እኮ ከንቲባው ናቸው› ብላ ሞገተችኝ። ማን ነው ልክ?»

ባልደረባዎ ልክ ናት። በሥርዓቱ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ቀኝ እጁን አንሥቶ ቃሉን ይላል፤ ሌላው ያስብለዋል። ተሿሚው ይምላል፣ ዳኛው ያስምላል። ረዘም አድርገን ስንጽፈው ተሿሚው ቃለ መሐላ ይፈጽማል፣ ዳኛው ያስፈጽማል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ያስፈጸሟቸው የወቅቱ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። «ፈጸሙ»ን ለወይዘሮ መዓዛ ብንሰጠው የተሾሙት እሳቸው ይመስላሉ።

የስህተቱ ምንጭ እንግሊዝኛው ይመስለኛል። «ስዌር» ብቻውን መማል ነው። «ኢን» ሲከተለው ግን አስምሎ ሥልጣን ላይ ማስቀመጥ ይሆናል። በዜና ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተደራጊ ነው፤ «ዎዝ ስዎርን ኢን» ይላሉ። ተርጓሚው ተደራጊውን እንዳለ ሊያመጣው ሲሞክር «ቃለ መሐላ ተፈጸመላቸው» ይወጣል። ይኼ አማርኛ አይደለም። እኛ አድራጊውን «ማለ»፣ አስደራጊውን «አስማለ» ይዘን ሥራችን ያልቃል።

ታዲያ «ከንቲባው ማሉ» ብሎ መጻፍ ለምን ይከብደናል? ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም። ነገር ግን በየሰፈሩ የሚምለው የተጠረጠረ ሰው ነው። «ምሎ ተገዝቶ ካደ» እንላለን። ለሹመት «ቃለ መሐላ ፈጸመ» የሚለውን የመረጥነው ከዚህ ጥላ ለመራቅ ይመስለኛል፤ ምርጫውንም እደግፋለሁ። በርእስ ላይ ቦታ ሲጠብብዎ ግን «ማሉ» ቢሉ አያሳፍርም።

በነገራችን ላይ መሐላችን ራሱ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ግሱ ሲነገር «በሚካኤል ማለ» እንላለን። ግሱ ሲቀር ግን «ሚካኤልን አልነካሁም!» ነው። «በ» ትጠፋና «ን» ትመጣለች። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ አዋጃቸው የሸዋን ሰው ወረኢሉ ላይ ከትቶ እንዲጠብቃቸው ሲያዙ፣ የሚቀረውን ያስጠነቀቁት «ማርያምን» ብለው ነው። «እምላለሁ» ማለት አላስፈለጋቸውም፤ ያቺ «ን» በቂ ነበረች። መንዝም ይፋትም ዛሬ ድረስ እንዲሁ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ግእዙ «መሐለ» ስለሆነ «መሐላ» በሐመሩ ሐ ይጻፋል። «ቃለ»ም እንደ ቃለ ጉባኤ ነው፤ «ቃል መሐላ» አይባልም።

ዜናዎን እንዲህ ያርሙት፦ «አዲሱ ከንቲባ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ።» ከዳኛው መጀመር ከፈለጉ ደግሞ «የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አዲሱን ከንቲባ ቃለ መሐላ አስፈጸሙ» ይበሉ።